ሲሶና እርቦ፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ሒሳብን በመረዳት ስለ ማስተማር

(ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለትምህርት ባለሙያዎች ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ እዚህ መድረስ በዚህ ዘመን ምን እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን። ጊዜያችሁን ላለማባከን በቀጥታ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከሲሶና ከእርቦ የትኛው ይበልጣል?

«ሲሶ» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ሰማሁ። ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደባችሁም። ሲሶ ከሦስት አንዱ፣ እርቦ ከአራት አንዱ ነው። በአገራችን የእርሻ ውል ውስጥ የኖረ ገበሬ፣ ባለ መሬቱ ሲሶ ሲወስድና እርቦ ሲወስድ ልዩነቱ የቤተሰቡ ቀለብ እንደሆነ አይስተውም። በዐውድማ ዳር ያደገ የአሥር ዓመት ልጅም አይስተውም። ይኸው ልጅ ግን ክፍል ገብቶ በሰሌዳ ላይ 1/3 እና 1/4 ተጽፎለት «የትኛው ይበልጣል?» ሲባል ብዙ ጊዜ 1/4 ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱን ብትጠይቁት «4 ከ3 ስለሚበልጥ» ይላችኋል። ይህ ስሕተት የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ ክፍልፋይ በሚሰጥበት አገር ሁሉ መምህራን ያውቁታል። የእኛን ሁኔታ የሚያስቆጨው ግን ትክክለኛው መልስ በገዛ ቋንቋው በልጁ አፍ ላይ አስቀድሞ መኖሩ ነው።

የዛሬው ንግግሬ አሳብ ይህ ነው። ትርጉሙ ቤት፣ ምልክቱ ትምህርት ቤት ቀርቷል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ የለም። ሒሳብን በጥልቀት ማስተማር ማለት ይህን ድልድይ መሥራት ነው። ሥራው ትርፍ ጊዜና ትርፍ ገንዘብ ላላቸው ትምህርት ቤቶች የተተወ ቅንጦት እንደሆነ የሚያስቡ አሉ። እኔ የማስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጊዜ ያጣ ትምህርት ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ጊዜ አጥተናል ስል በምሳሌ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ሕዝቡ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ትምህርትም ተቋረጠ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያለ መቋረጥ የተማረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። በሌላው ጫፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሒሳብ ትምህርት ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። ይሁን እንጂ ጣራው ሲያፈስ ግድግዳውንና መሠረቱን መመርመር የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው። መሠረቱ ያለው በእናንተ እጅ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባለው ትምህርት ውስጥ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ትምህርት ሊቅ ሪቻርድ ስኬምፕ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አንድ ጽሑፍ «መረዳት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚይዝ አስረድቷል። አንደኛው ደንቡን ማወቅ ነው፤ ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ፣ ለምን እንደሚደረግ ግን አያውቁም። ሁለተኛው ዝምድናውን ማወቅ ነው፤ የሚደረገውንም ምክንያቱንም ያውቃሉ። ስኬምፕ ልዩነቱን በከተማ መንገድ መስሎታል፤ እኛ ወደ አገራችን እናምጣው። ጓሳን የማያውቅ እንግዳ «ከድንጋዩ በስተግራ ታጠፍ፣ ጅረቱን ተሻገር» ተብሎ ቢላክ፣ ጉም እስካልወረደ ድረስ ይደርሳል። ጉም ሲወርድና ድንጋዩ ሲጠፋው ግን ባለበት ይቆማል። እረኛው በዚያው ጉም ውስጥ መንጋውን ይዞ ይገባል፤ ዳገቱን፣ ሸለቆውንና የውኃውን ድምፅ አገናኝቶ ያውቃልና። ለልጆቻችን በአብዛኛው የምንሰጠው የእንግዳውን ዕውቀት ነው። ትምህርት ለአንድ ዓመት ሲቋረጥ ደግሞ ያ ጉም ነው። የተሸመደደው ደንብ ይጠፋል፤ የተገናኘው ዕውቀት ግን የጎደለውን ራሱ ይሞላል።

ይህን በአምስት የአንደኛ ደረጃ ርዕሶች ላሳይ።

የመጀመሪያው መቀነስ ነው። 52 ሲቀነስ 17 እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም የተማርንበትን ቃል አስታውሱ፤ «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፤ ከጎረቤት 1 ተበደር»። ልጅ ሆናችሁ ይህን አዳምጡት። ብድር በአገራችን ክቡር ነገር ነው፤ ይመለሳል። በሰሌዳው ላይ የተበደርነው ግን አይመለስም። ደግሞም የተበደርነው 1 ሆኖ ሳለ ቤታችን ሲደርስ 10 ይሆናል። አስተዋይ ልጅ እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ ልክ ነው። ብዙዎቹም ግራ መጋባቱን ትተው ደንቡን ይይዛሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደንቡም ያመልጣቸውና ከ7 ላይ 2 ቀንሰው 45 ይጽፋሉ።

ይኸው ልጅ እንቁላል ይዞ ገበያ ሲወጣ ግን ሌላ ቃል አለው፤ «ዘርዝርልኝ» ይላል። አምስት የአሥር ብር ኖትና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም የያዘ ሰው 17 ብር መክፈል ቢኖርበት፣ አንዱን አሥር ብር በአሥር የአንድ ብር ሳንቲሞች ይዘረዝራል። አሁን አራት አሥርና አሥራ ሁለት አንድ ብር አለው። ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ መልኩ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ አንድ አሥርና ሰባት አንድ ብር ይከፍላል፤ ሦስት አሥርና አምስት አንድ ብር፣ ማለትም 35 ብር ይተርፈዋል። የመቀነስ ሙሉ ምስጢር ይህ ነው። «ተበደር» የሚለውን ትተን «ዘርዝር» ብንል ደንቡንና ምክንያቱን በአንድ ቃል አስተማርን ማለት ነው።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሊፒንግ ማ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ 23 አሜሪካውያንና 72 ቻይናውያን የአንደኛ ደረጃ መምህራንን አወዳድራለች። አሜሪካውያኑ በዚህ ዓይነት መቀነስ ላይ ስለ «መበደር» ሲናገሩ፣ አብዛኞቹ ቻይናውያን መምህራን ከፍ ያለውን ቤት ስለ መበተንና ስለ መዘርዘር ተናግረዋል። በቃሉ ውስጥ ያለው አሳብ የመምህሩን ማብራሪያ፣ የመምህሩ ማብራሪያም የልጁን መረዳት ይመራል። እኛ ቃሉን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፤ ገበያችን ውስጥ አለ።

ሁለተኛው የቁጥር አጻጻፍ ነው። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ላይ «ሁለት መቶ አምስት ብለህ ጻፍ» ሲባል 2005 ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ይሠመርበታል። አሁን ግን ልጁ ያደረገውን እንመልከት። «ሁለት መቶ» ሲባል 200 ጻፈ፤ «አምስት» ሲባል 5 አስከተለ። የሰማውን በታማኝነት ጻፈ። አባቶቻችንም የጻፉት እንዲሁ ነው። በግእዝ አኃዝ ሁለት መቶ አምስት ፪፻፭ ነው፤ ሁለት፣ መቶ፣ አምስት። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ለአሥሮቹና ለመቶ የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው። ፳፭ ሲጻፍ ሃያው ራሱ ተጽፏል። 25 ሲጻፍ ግን የተጻፈው 2 ነው፤ ሃያ የሚያደርገው የቆመበት ቤት ብቻ ነው። ይህ በሰው ልጅ ታሪክ ረጅም ዘመን የፈጀ ግኝት ነውና ልጅ በአንድ ሳምንት ባይይዘው አይገርምም።

መምህሩ ሁለቱን አጻጻፎች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ አስቀምጦ «በዚህኛው መቶው የት አለ? በዚያኛውስ የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የቦታ ዋጋ ትርጉም በክፍሉ ውስጥ ይገለጣል። ዜሮም «ምንም» ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ አሥር ቤት ባዶ መሆኑን የሚያስታውቅ ዘበኛ ሆኖ ይታያል። የልጁ ስሕተት ለትምህርቱ መነሻ ሆነ ማለት ነው። በተጨማሪም ቋንቋችን ያግዘናል። «አሥራ ሁለት» የሚለው ቃል አሥርና ሁለት መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ በእንግሊዝኛ የሚቆጥር ልጅ ለ11ና ለ12 ይህን ምልክት ከቃሉ አያገኝም።

ሦስተኛው ክፍልፋይ ነው፤ ወደ ሲሶና እርቦ እንመለስ። አሥራ ሁለት ቁና ገብስ አለን እንበል። ሲሶው 4 ቁና፣ እርቦው 3 ቁና ነው። ሲሶና እርቦ ሲደመሩ ከ12 ቁና 7 ቁና ይሆናሉ፤ 7/12 ማለት ነው። ደንቡን የዘነጋ ልጅ ግን ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/7 ይጽፋል። 2/7 ከሲሶ ያንሳል። እንግዲህ ልጁን «ሲሶህ ላይ እርቦ ብጨምርልህ ከሲሶህ ያነሰ ገብስ ይኖርሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይስቃል። በዚያ ሳቅ ውስጥ ስሕተቱን ራሱ አግኝቶታል። ትርጉም ያለው ዕውቀት ራሱን የሚመረምርበት ሚዛን ስላለው፣ መምህሩ በሌለበትም ይሠራል።

የጋራ ታሕት ለምን ያስፈልጋል? ሦስት በግና ሁለት ፍየል ሲደመሩ አምስት በግ አይሆኑም፣ አምስት ፍየልም አይሆኑም። «አምስት እንስሳ» ለማለት ለሁለቱም የጋራ ስም ማግኘት አለብን። ሦስተኛና አራተኛም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱንም «አሥራ ሁለተኛ» ብለን እስክንጠራቸው አይደመሩም። ይህን አንድ አሳብ የያዘ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ላይ አንዱን ከአንድ፣ አሥሩን ከአሥር በታች ለምን እንደምናሰልፍ፣ አምስተኛ ክፍል ላይ የክፍልፋይ መደመርን፣ በኋላም 3ሀ እና 2ሀ ሲደመሩ 5ሀ የሚሆኑበትን፣ 3ሀ እና 2ለ ግን የማይጠቃለሉበትን ምክንያት በአንድ ገመድ ያስራል። በደንብ የሚማረው ልጅ ግን ሦስቱን እንደ ሦስት የማይተዋወቁ ደንቦች ይሸመድዳል። ጊዜ የሚያባክነው የትኛው እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

አራተኛው ማካፈል ነው። 1/2ን ለ1/4 ስናካፍል «ሁለተኛውን ገልብጠህ አባዛ» እንላለን። ለምን? ሊፒንግ ማ መምህራኑን 1 3/4 ለ1/2 እንዲያካፍሉና ለዚህ ስሌት የሚስማማ ታሪክ እንዲፈጥሩ ጠይቃ ነበር። ከአሜሪካውያኑ ትክክለኛውን መልስ ያገኙት ከግማሽ በታች ነበሩ፤ ቻይናውያኑ ግን ሁሉም አገኙ። ታሪክ ፍጠሩ ሲባሉ ብዙዎቹ አሜሪካውያን ለግማሽ ማካፈልን ለሁለት ከማካፈል ጋር አምታቱት።

በአማርኛም ይህ ወጥመድ አለ፤ «ግማሽ በግማሽ ተካፈሉ» ስንል ለሁለት ማካፈላችን ነው። መውጫውም ግን በአማርኛ አለ። ማካፈል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ነው፤ አንዱ ማደል፣ ሌላው መስፈር። 12 ቁና ለ3 ሰው ሲታደል እያንዳንዱ 4 ቁና ይደርሰዋል። 12 ቁና እያንዳንዱ 3 ቁና በሚይዝ ጆንያ ሲሰፈር 4 ጆንያ ይሞላል። ስሌቱ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት ነው። ለግማሽ ሰው ማደል አይቻልም፤ በግማሽ ቁና መስፈር ግን ይቻላል። አንድ ቁና ከሦስት ሩብ ገብስ በግማሽ ቁና ብንሰፍር ሦስት ጊዜ ሙሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኩሌታ ይሆናል፤ 3 1/2። አንዱ ቁና ሁለት ጊዜ በግማሽ ቁና ስለሚሰፈር በ2 ማባዛት መጣ፤ «ገልብጥ» የሚለው ደንብ ከዚህ ወጣ። ደንቡን አንጥልም፤ የተወለደበትን ቤት እናሳየዋለን።

አምስተኛውና የመጨረሻው ዙሪያና ስፋት ነው። በመማሪያ መጽሐፋችን ስፋት ማለት የአንድ ገጽ ጠቅላላ መጠን ነው፤ ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው። በዕለት ንግግራችን ግን «የመንገዱ ስፋት» ስንል ወርዱን ማለታችን ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ካልነገርነው ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ይደናገራል። ከዚያ 24 ክንድ የሆነ ገመድ ይዘን ወደ ሜዳ እንውጣ። ልጆቹ ይዘውት በየጎኑ 6 ክንድ የሆነ ካሬ ይሥሩ፤ ውስጡ 36 ባለ አንድ ክንድ ካሬዎችን ይይዛል። በዚያው ገመድ 10 ክንድ በ2 ክንድ የሆነ ጠባብ ቦታ ይሥሩ፤ ውስጡ 20 ብቻ ሆነ። ገመዱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ መሬቱ ግን ሊጋመስ ጥቂት ቀረው። መሬት በገመድ ሲለካ በኖረበት አገር፣ ዙሪያን ለክቶ «መሬቱ እኩል ነው» የሚል ሰው ሊያታልል ወይም ሊታለል እንደሚችል ልጁ በዓይኑ ያያል። ይህ ትምህርት የሚጠይቀው ገመድና ሜዳ ብቻ ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ምሳሌዎች የገጠሩ ሕዝብ ለሒሳብ ባዳ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ይመስለኛል። የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲጠብቅና ሲካፈል የኖረ፣ በግ የርቢ ሰጥቶ ግልገሉን የሚካፈል፣ ከበግ ጠጕር ፈትሎ ባናና ዝተት የሚሠራ ሕዝብ ልጁን ባዶ አድርጎ አይልክም። ተመሳሳይ ነገር በብራዚል ታይቷል። በ1985 እ.ኤ.አ. ካራሄርና ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚነግዱ አምስት ልጆችን አጥንተው ባሳተሙት ሥራ፣ ልጆቹ በገበያው ላይ ከተጠየቁት ስሌት 98 በመቶ ያህሉን በትክክል ሲመልሱ፣ ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲቀርብላቸው በትክክል የሠሩት 37 በመቶ ያህሉን ነበር። ልጆቹ አምስት ብቻ ቢሆኑም ጥናቱ ያነሣው ጥያቄ ለሁላችን ነው፤ ያልቻለው ልጁ ነው ወይስ የምንጠይቅበት መንገድ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ስለ መረዳት ስንናገር «ሽምደዳ የአገራችን ባህል ነው፤ የድሮው ትምህርት ያወረሰን ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ሙሉ እውነት አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቃሉን በልቡ የያዘው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መድገም አይችልም፤ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። ማስታወስና መፍጠር በአንድ ሥርዓት ውስጥ ተከታትለው ተቀምጠዋል። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል መያዙን እኔም እደግፋለሁ፤ ያለ እርሱ ልጁ አሳቡን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። ጥያቄው ከቃሉ በኋላ ቅኔ ቤቱ የት አለ የሚለው ነው።

ባሕረ ሐሳብን ለምሳሌ እንውሰድ። የ2018 ዓ.ም.ን አጽዋማት ለማውጣት 5500 ላይ 2018 ጨምረን 7518 እናገኛለን። ለ19 ስናካፍለው 13 ይተርፋል፤ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስናነሣ አበቅቴው 12 ሆነ። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ሠላሳውን ስናነሣ መጥቅዑ 18 ሆነ። የሁለቱ ድምር 30 ነው። በየዓመቱም 30 ነው፤ ይህን በቃሉ የያዘ ብዙ ሰው አለ። ለምን 30 ይሆናል? 12 ጊዜ 11 እና 12 ጊዜ 19 ሲደመሩ 12 ጊዜ 30 ስለሆኑ ነው። ወንበሩ 12 ቢሆን ወይም 7 ቢሆን፣ 11ና 19 ተደምረው 30 መሆናቸው አይለወጥም። ይህ በአንደኛ ደረጃ የሚሰጠው የማባዛት የስርጭት ሕግ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ይህን ቢያይ፣ ፈተና ብቻ የሚመስለው ሕግ ፋሲካው የሚወጣበት ስሌት ውስጥ እንዳለ ይረዳል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ በሥልጠናዎች ላይ ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው፣ ተገቢም ናቸው።

«መጽሐፉን መሸፈን አለብን፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና አለ» ይባላል። አዎን፤ ነገር ግን የተሸፈነና የተማሩት ነገር አንድ አይደሉም። ትምህርት በተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ርዕስ እኩል መሮጥ አንዱንም አለመያዝ ነው። ምክሬ ሦስት ምሰሶዎችን አጽንቶ መያዝ ነው፤ የቦታ ዋጋን፣ የአራቱን ስሌቶች ትርጉምና ክፍልፋይን። ፐርሰንት፣ ንጽጽር፣ አስርዮሽና የአልጀብራ መግቢያ በእነዚህ ላይ ይቆማሉ። ምሰሶው ከጸና የቀረው በአጭር ጊዜ ይከተላል።

«ክፍሉ ውስጥ 70 ልጅ አለ» ይባላል። ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። ሆኖም ሁለት ልጆች ለሁለት ደቂቃ «ለምን?» ተባብለው እንዲነጋገሩ ለማድረግ የክፍሉ ብዛት አያግድም። ጠጠር፣ ባቄላና ገመድም በሁሉም ቀበሌ አለ።

«እኛ ራሳችን እንዲህ አልተማርንም፤ ዲፕሎማ ነው ያለን» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። ለዚህ የሊፒንግ ማ ጥናት መልካም ዜና አለው። እነዚያ ቻይናውያን መምህራን በመደበኛ ትምህርት የቆዩባቸው ዓመታት ከአሜሪካውያኑ ያነሱ ነበሩ። ጥልቀቱን ያገኙት መጽሐፉን ደጋግመው በመመርመርና ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ አንድ ትምህርት እየተወያዩ በመኖር ነው። የጉድኝት ማዕከላት አሉን። በወር አንድ ጊዜ የሚደረገው ስብሰባ ከሪፖርት ተርፎ አንድ ሰዓት ለአንድ ጥያቄ ቢሰጥ፣ ለምሳሌ «ልጆቻችን 52 ሲቀነስ 17 ላይ የሚሳሳቱት ምንድን ነው?» ለሚለው፣ ለብዙ ቀን ሥልጠና የማይተናነስ ውጤት ይኖረዋል።

የዩኒቨርሲቲዎችና የመምህራን ኮሌጆችም ዕዳ አለብን። አንድ ክፍልፋይ ለሌላው ሲካፈል ለምን እንደሚገለበጥ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ፣ ካልኩለስን ግን ያለፉ ተማሪዎችን በየዓመቱ እናስመርቃለን። ለአንደኛ ደረጃ መምህር የሚያስፈልገው ከፍተኛ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የዝቅተኛው ሒሳብ ከፍታ ነው። የእኛን ሥርዓተ ትምህርት ከዚህ አንጻር መመርመር ከእናንተ የሚጠበቅ ሳይሆን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ወላጆች ሆይ፤ «እኔ አልተማርኩም፣ ልጄን በሒሳብ ልረዳው አልችልም» አትበሉ። ልጃችሁን በዐውድማ ላይ ገብሱን አስፈሩት፤ በገበያ መልሱን አስቆጥሩት፤ ሲነግራችሁም «እንዴት አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ ማንበብና መጻፍ አይጠይቅም።

መምህራን፤ ነገ ክፍል ስትገቡ ሁሉን እንድትለውጡ አልጠይቅም። ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በየክፍለ ጊዜው ቢያንስ አንድ «ለምን?» ይኑር፤ መልሱንም ከተማሪው ጠብቁ። ሁለተኛ፣ ልጁ ከማስላቱ በፊት «መልሱ ስንት የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት፤ ይህ ግምት 2/7 ከመጻፍ ይጠብቀዋል። ሦስተኛ፣ መቀነስን ስታስተምሩ «ተበደር» በሚለው ፋንታ «ዘርዝር» በሉ፤ ልጆቹ የሚሉትንም አድምጡና በሚቀጥለው የጉድኝት ስብሰባ ለባልደረቦቻችሁ ንገሩ። እኛም ልንሰማችሁ እንመጣለን።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄዎቻችሁ ክፍት ነው።